የትራክተር መሪና የፊት ጎማ አቅጣጫ ችግሮች፤ ምክንያቱን መለየት፣ መፈተሽና ማስተካከል



ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው የራሳችሁ ትራክተር ላላችሁ፣ በኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም በቡድን ለገዛችሁ፣ እንዲሁም ለኩታ ገጠም እርሻ ትራክተር ተከራይታችሁ ለምታሠሩ ነው። ርዕሱ ጠባብ ነው። ስለ ሞተር፣ ስለ ካምቢዮና ስለ ማረሻ ማንሻው ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን። ዛሬ የምናየው መሪውን፣ የፊት አክስሉንና የፊት ጎማዎቹን ብቻ ነው።

ለምን ይህን መረጥን? የሞተር ብልሽት ትራክተሩን ያቆመዋል። የመሪ ብልሽት ግን አያቆመውም። ትራክተሩ እያረሰ፣ እየጎተተ፣ ገበያ እየሄደ፣ በየቀኑ ጎማ እየበላና መገጣጠሚያ እያላላ ይቀጥላል። ሾፌሩ ቀስ በቀስ ይለምደዋል፤ መሪውን ሩብ ዙር ባዶውን ማዞርም እንደ ጤና ይቆጥረዋል። ጉዳቱ የሚገለጠው በሰኔ ዘር ሊዘራ ሲል ወይም በኅዳር ምርት ተጭኖ ቁልቁለት ሲወረድ ነው። ሁለቱም ጊዜ መካኒክ ፍለጋ የሚኬድባቸው አይደሉም።

በዚህ ጽሑፍ የምንናገረው በዋናነት በኋላ ጎማ ብቻ ስለሚነዳ ትራክተር ነው። የፊት ጎማውም የሚነዳ ከሆነ የአክስሉ አሠራር ይለያል፤ ልዩነቱን በየቦታው እንጠቅሳለን።

መሪውን ከመክሰሳችሁ በፊት

“ትራክተሩ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል” ተብሎ ወደ እኛ ከሚመጣው አቤቱታ ውስጥ ብዙው የመሪ ችግር አይደለም። ስለዚህ መፍቻ ከማንሣታችሁ በፊት አራት ነገሮችን እዩ።

የመጀመሪያው የጎማ አየር ነው። ከሁለቱ የፊት ጎማዎች የአንዱ አየር ከቀነሰ ትራክተሩ ወደዚያው ጎን ያጋድላል። የኋላ ጎማዎች አየር እኩል ካልሆነም እንደዚሁ ነው። በዓይን አይታመንም፤ በመለኪያ ለኩ። ትክክለኛው መጠን በትራክተሩ መመሪያ መጽሐፍ ላይ ተጽፏል። ጎማው ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን ጎማው የሚችለው ትልቁ መጠን ስለሆነ ከእርሱ ማለፍ አይገባም። ልኩት የሚባለው ጎማው ሳይሞቅ፣ ጠዋት ከሥራ በፊት ነው። የአንዱ ጎን ጎማ አዲስ፣ የሌላው ያለቀ ከሆነም የከፍታ ልዩነት ስለሚፈጠር መጎተት ይኖራል።

ሁለተኛው የፍሬን ፔዳል ነው። ትራክተር ለግራና ለቀኝ የኋላ ጎማ የተለያየ ፔዳል አለው። እርሻ ውስጥ ለመታጠፍ እንዲመች ፔዳሎቹ ተለያይተው ይሠራሉ፤ መንገድ ላይ ግን በማያያዣው መቆለፍ አለባቸው። ሾፌሩ ከእርሻ ሲወጣ ማያያዝ ከረሳ፣ ፍሬን ሲይዝ ትራክተሩ በድንገት ወደ አንድ ጎን ይዞራል። መሪው ጤነኛ ነው፤ የተረሳው ማያያዣው ነው። ፔዳሎቹ ተያይዘውም ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚጎትት ከሆነ ደግሞ የሁለቱ ፍሬኖች አያያዝ እኩል አይደለም፤ የሚስተካከለው ፍሬኑ ነው።

ሦስተኛው የኋላ ጎማዎችን አንድ ላይ የሚቆልፈው ፔዳል ነው። ጭቃ ውስጥ ጎማ ሲሽከረከር የምንረግጠው ማለት ነው። ይህ ፔዳል በጭቃ ተጣብቆ ወይም ሾፌሩ እግሩን ሳያነሣ ቀርቶ ከተቆለፈ፣ መሪውን ብታዞሩም ትራክተሩ ቀጥ ብሎ መሄድ ይፈልጋል። ደረቅ መሬት ላይ ተቆልፎ መታጠፍ የኋላ አክስሉንም ይጎዳል።

አራተኛውና በእርሻ ወቅት ዋነኛው ማረሻው ነው። ፈተናው ቀላል ነው። ትራክተሩ እያረሰ ወደ ጎን ከጎተተ ማረሻውን አንሡና በሜዳው ላይ ባዶውን በዝግታ ንዱት። ማረሻው ሲነሣ መጎተቱ ከጠፋ የፊት አክስሉን አትንኩ። የዲስክ ማረሻ አፈሩን ወደ አንድ ጎን ስለሚገለብጥ በተፈጥሮው ጎናዊ ግፊት አለው። ይህን ግፊት የሚሸከመው ከኋላ ያለው የቦይ ጎማ ነው። የቦይ ጎማው ኩሽኔታ ካለቀ፣ ስፕሪንጉ ከላላ ወይም አቅጣጫው ከተዛባ ግፊቱ በሙሉ ወደ ትራክተሩ ይተላለፋል፤ ሾፌሩም ቀኑን ሙሉ ከመሪው ጋር ሲታገል ይውላል። የኋላ ጎማዎች ስፋት ከማረሻው ስፋት ጋር ካልተስማማ፣ ወይም ማረሻው ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ውጤቱ ተመሳሳይ ነው። ማዘንበሉን በቀኝ ማንሻ ክንድ ማስተካከያ ታቃኑታላችሁ። እኔ እንደማየው በግንቦትና በሰኔ የፊት አክስል ተበላሸ ተብሎ ከተፈታው ውስጥ ጥቂት የማይባለው ማረሻውን በማስተካከል ብቻ ይድን ነበር።

እነዚህን አራቱን አይታችሁ ችግሩ ካልጠፋ ወደ መሪው ኑ።

ከመሪው እስከ ጎማው

መሪውን ስታዞሩ እንቅስቃሴው በመሪው ዘንግ ወደ ታች ይወርዳል። በድሮዎቹ ትራክተሮች ወደ መሪ ማርሽ ሳጥን፣ በአሁኖቹ ደግሞ በዘይት ግፊት ወደሚሠራ ፓምፕና ሲሊንደር ይደርሳል። ከዚያ ታይሮድ የሚባሉት ዘንጎች እንቅስቃሴውን ተቀብለው የጎማውን ክንድ ይገፋሉ ወይም ይስባሉ። በታይሮዱ ሁለት ጫፍ እንደ ሰው የዳሌ አጥንት በሁሉም አቅጣጫ የምትሽከረከር ኳስ አለች። ጎማው ግራና ቀኝ የሚዞረው ኪንግ ፒን በሚባለው የቆመ ዘንግ ላይ ሲሆን፣ ወደ ፊት የሚሽከረከረው ደግሞ በሁለት ኩሽኔታዎች ላይ ነው። የፊት አክስሉ በሙሉ መሃል ላይ ባለ አንድ ወፍራም ፒን ተንጠልጥሎ እንደ ሚዛን ከፍ ዝቅ ይላል። የትራክተሩ የፊት ክፍል እንደ መኪና ባላስትራ ወይም ሞላ ስለሌለው ወጣ ገባውን የሚችለው በዚህ ፒን ነው።

ስለዚህ መላላት የሚፈጠርባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፤ የመሪ ሳጥኑ፣ የታይሮድ ጫፎች፣ ኪንግ ፒን፣ የጎማ ኩሽኔታ፣ የአክስሉ መሃል ፒን። በእያንዳንዳቸው ላይ ትንሽ መላላት ቢኖር ሲደመር መሪው ላይ ትልቅ ሆኖ ይታያል። “አንዱን ቀየርኩት፣ አልተሻለውም” የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

በመጀመሪያ መሪው ባዶውን ምን ያህል እንደሚዞር እዩ። ትራክተሩን ደልዳላ መሬት ላይ አቁማችሁ የፊት ጎማዎቹን ቀጥ አድርጉ። አንድ ሰው የፊት ጎማውን ይመልከት፤ ሌላው መሪውን በቀስታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዙር። በማርሽ ሳጥን ለሚሠራ መሪ፣ ጎማው ሳይንቀሳቀስ የመሪው ክብ ጠርዝ ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሄደ ፍተሻ ያስፈልጋል። በዘይት ግፊት ለሚሠራው ሞተሩን አስነሥታችሁ ሞክሩ፤ ሞተሩ ጠፍቶ የምታዩት ባዶ ዙር አይቆጠርም። የመሪውን ሳጥን ማስተካከያ ቡሎን ግን ከሁሉ በፊት አትንኩ። ብዙ ሰው ቶሎ የሚደርሰው ወደ እርሷ ነው፤ ሌላ ቦታ ያለውን መላላት በእርሷ ለማጥፋት ሲሞከር ሳጥኑ ከልክ በላይ ይጠብቅና ማርሹ ይበላል።

ጎማውን አንሥቶ መፈተሽ

ፍተሻው የሚጀምረው ከደኅንነት ነው። ሞተሩን አጥፉ፣ ቁልፉን ንቀሉ፣ የእጅ ፍሬኑን ያዙ፣ የኋላ ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ወይም በእንጨት ደግፉ። የተያያዘ ማረሻ ካለ መሬት ላይ አውርዱት። ቀጥሎ ያለው ግን ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። አክስሉ በመሃል ፒን ላይ ስለሚወዛወዝ፣ ትራክተሩ በክሪክ ሲነሣ የፊት ክፍሉ በድንገት ወደ ጎን ሊያዘነብል ይችላል። ስለዚህ ክሪክ ከማስገባታችሁ በፊት በግራም በቀኝም በአክስሉና በትራክተሩ አካል መካከል ጠንካራ የእንጨት ሽብልቅ አስገቡ። ከተነሣ በኋላ ክሪኩን ብቻ አትመኑ፤ ወፍራም ጉማጅ እንጨት ወይም የብረት መቆሚያ ከሥሩ አድርጉ። ሸክላና ብሎኬት ሳይታሰብ ስለሚሰነጠቅ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ጎማው ከመሬት ሲለቅ ከላይና ከታች ያዙትና ወደ ራሳችሁና ወደ ውስጥ ነቅንቁት። የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ምክንያቱ ኩሽኔታው ወይም ኪንግ ፒኑ ነው። የትኛው እንደሆነ ለመለየት ረዳታችሁ ከጎማው ጀርባ ሆኖ ይመልከት። ጎማው ብቻ ተንቀሳቅሶ የተሸከመው ዘንግ ካልተንቀሳቀሰ ኩሽኔታው ነው። ዘንጉም አብሮ ከተንቀሳቀሰ ኪንግ ፒኑ ወይም ቡሹ አልቋል።

ቀጥሎ ጎማውን ከግራና ከቀኝ ያዙትና በአጫጭር ምት ግፉት፣ ሳቡት። አሁን መላላቱን የምትፈልጉት የታይሮድ ጫፎች ላይ ነው። ረዳታችሁ ጣቱን በኳሱና በክንዱ መገናኛ ላይ ያስቀምጥ፤ ዓይን የማያየውን ጣት ይሰማዋል። የኳሱ መሸፈኛ ጎማ ከተቀደደ አፈርና ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው። ዛሬ ባይላላም የቆይታ ጊዜው አጭር ነው።

ከዚያ ጎማውን በእጃችሁ አሽከርክሩት። መንገጭገጭ ወይም የሸካራ ድምፅ ካለ ኩሽኔታው ተጎድቷል። በፎገራ ሜዳና በሌላውም የሩዝ ማሳ የሚሠሩ ትራክተሮች ላይ ይህ በብዛት ይታያል፤ ጎማው ውኃና ለም ጭቃ ውስጥ ስለሚውል የዘይት መከላከያ ጎማው ካለቀ ጭቃው ግሪሱን አጥቦ ያስወጣዋል። እንዲህ ባለ ማሳ የሠራ ትራክተር ከወቅቱ በኋላ የፊት ጎማ ኩሽኔታው ተፈቶ፣ ታጥቦ፣ አዲስ ግሪስ ሊገባለት ይገባል። ተንገጫግጮ እስኪሰማችሁ አትጠብቁ።

ኩሽኔታው ጤነኛ ሆኖ የላላ ብቻ ከሆነ ማጥበቅ ይቻላል። ጎማውን እያሽከረከራችሁ ዳዶውን ትንሽ እስኪከብድ አጥብቁ፤ ከዚያ ፒን የሚገባበት ቀዳዳ እስኪገጥም ድረስ በትንሹ መልሱት። ጎማው በነፃነት መሽከርከር አለበት፣ መንቀጥቀጥ ግን የለበትም። ዳዶው እንዳይፈታ የሚያግደው የሽቦ ፒን ሁልጊዜ አዲስ ይሁን። ዋጋው እዚህ ግባ የማይባል ነው፤ እርሱን ቆጥቦ አሮጌውን አጣጥፎ መመለስ ግን ልማድ ሆኗል።

የመጨረሻው የአክስሉ መሃል ፒን ነው። የእንጨት ሽብልቆቹን ለጊዜው ሳታወጡ፣ ዲጅኖ በአክስሉና በመሸከሚያው መካከል አስገብታችሁ አክስሉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ገፋ ገፋ አድርጉ። ጉልህ እንቅስቃሴ ካለ ፒኑ ወይም ቡሹ አልቋል። ይህ ያለቀበት ትራክተር መንገድ ላይ እንደ ሰከረ ሰው ይዋልላል፤ ታይሮድ ቢቀየርለት፣ ጎማው ቢለካ አይሻለውም። ለመሃል ፒኑ ግሪስ የሚሰጥ ሾፌር ጥቂት ነው፤ ኒፕሉ በጭቃ ስለሚሸፈን አይታይም። ፈልጋችሁ አግኙት፣ ጥረጉት፣ ከዚያ ግሪስ ስጡት።

የፊት ጎማዎችን አቅጣጫ መለካት

የላላው ሁሉ ሳይጠግን መለካት ከንቱ ድካም ነው። በላላ ታይሮድ ላይ የተወሰደ ልክ በሚቀጥለው ጉድጓድ ይለወጣል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፤ አየር፣ መላላት፣ ከዚያ ልኬት።

በኋላ ጎማ ብቻ በሚነዳ ትራክተር ሁለቱ የፊት ጎማዎች ፍጹም ትይዩ አይደሉም። ከላይ ሆናችሁ ብታዩአቸው ከፊት በኩል በጥቂት ሚሊ ሜትር ይቀራረባሉ። መካኒኮች ቶኢን ይሉታል። ትራክተሩ ሲሄድ መሬቱ ጎማዎቹን ወደ ውጭ ለመክፈት ስለሚገፋ፣ ይህ መጠጋት ግፊቱን አቻችሎ በጉዞ ላይ ቀጥ ያደርጋቸዋል። መጠኑ እንደ ትራክተሩ ዓይነት ይለያያል፤ በብዙዎቹ ከ0 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ባለው ውስጥ ነው። የራሳችሁን ከመመሪያ መጽሐፋችሁ ውሰዱ። የፊት ጎማው የሚነዳ ትራክተር ልኩ የተለየ ሊሆን ስለሚችል ያለ መጽሐፉ አትንኩት።

ለመለካት ሜትር፣ ጠመኔና አንድ ረዳት ይበቃል።

1. ትራክተሩን ደልዳላና ጠንካራ መሬት ላይ አምጡ። መሪውን ቀጥ አድርጉና ጥቂት ሜትር ወደ ፊት ነድታችሁ አቁሙ። ወደ ኋላ ነድታችሁ አትለኩ፤ መገጣጠሚያዎቹ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚሳቡ ልኩ ይሳሳታል።

2. በሁለቱም የፊት ጎማዎች የኋላ በኩል፣ ከጎማው መሃል እኩል በሆነ ከፍታ፣ በጎማው መሃል መስመር ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለውን ርቀት ለክታችሁ ጻፉ።

3. ትራክተሩን ምልክቶቹ ወደ ፊት በኩል መጥተው ያው ከፍታ ላይ እስኪደርሱ በዝግታ ወደ ፊት ንዱ። ጎማው ግማሽ ዙር ዞረ ማለት ነው። እነዚያኑ ምልክቶች እንደገና ለኩ።

4. ከኋላ ከተገኘው ላይ የፊቱን ቀንሱ።

ለምሳሌ ከኋላ 142.0 ሴንቲ ሜትር፣ ከፊት 141.6 ሴንቲ ሜትር ካገኛችሁ ልዩነቱ 4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጎማዎቹ ከፊት ይቀራረባሉ። ከኋላ 141.5፣ ከፊት 142.3 ካገኛችሁ ግን ጎማዎቹ ከፊት በኩል በ8 ሚሊ ሜትር ተከፍተዋል። ይህ ትራክተር መንገድ አይዝም። ምልክቱን ለምን አዙረን ያንኑ እንለካለን ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ቸርኬው ትንሽ የተጣመመ ቢሆን እንኳ ያው ነጥብ ሁለት ጊዜ ስለሚለካ ጥመቱ ልኬቱን አያበላሸውም።

የሚስተካከለው በታይሮዱ ርዝመት ነው። የታይሮዱን ቆላፊ ዳዶ አላሉና ዘንጉን በግማሽ በግማሽ ዙር እያዞራችሁ ልኩ። ታይሮዱ ከአክስሉ በስተኋላ ከሆነ ሲረዝም ጎማዎቹ ከፊት ይቀራረባሉ፤ ከአክስሉ በስተፊት ከሆነ ደግሞ ሲያጥር ይቀራረባሉ። ግራና ቀኝ ሁለት ታይሮድ ላለው ትራክተር ሁለቱንም እኩል ማዞር ያስፈልጋል። አንዱን ብቻ ካዞራችሁ ልኩ ቢመጣም ትራክተሩ በአንድ በኩል በሰፊው፣ በሌላው በጠባቡ ይታጠፋል። ሲጨርሱ ቆላፊውን ዳዶ አጥብቁና አንድ ጊዜ ነድታችሁ እንደገና ለኩ።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በመስመር ለተዘራ በቆሎ ኩትኳቶ ወይም ለሌላ ሥራ የፊት አክስሉን ስፋት የምትቀይሩ ሁሉ፣ ግራና ቀኙን እኩል ቀዳዳ አውጡ፤ የታይሮዶቹንም ርዝመት አብራችሁ ቀይሩ። ስፋቱ በተቀየረ ቁጥር አቅጣጫውም መለካት አለበት። በአንድ በኩል አንድ ቀዳዳ የበለጠ ወጥቶ ወቅቱን ሙሉ የሠራ ትራክተር አይቻለሁ፤ ሾፌሩ “ይህ ትራክተር ከፋብሪካው ጀምሮ ግራ ይወዳል” ይል ነበር።

ትንሽ ሚሊ ሜትር ምን ያመጣል ለምትሉ፣ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። የፊት ጎማው ከዳር እስከ ዳር 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው እንበል። የሁለቱ ጎማዎች ልዩነት 20 ሚሊ ሜትር ከደረሰ የእያንዳንዱ ድርሻ 10 ሚሊ ሜትር ነው። 10 ሚሊ ሜትር በ800 ሚሊ ሜትር ላይ ማለት ጎማው በሄደበት እያንዳንዱ 1 ኪሎ ሜትር 12.5 ሜትር ያህል ወደ ጎን ይፋተጋል ማለት ነው። ከቤት እስከ ማሳ 8 ኪሎ ሜትር የሚመላለስ ትራክተር በቀን 200 ሜትር ጎማውን እንደ ሞረድ እየፋቀ ነው። በኮረኮንችና በአስፋልት ላይ ጎማው የት እንደሚሄድ አሁን ይገባችኋል።

ጎማው የሚናገረው

ጎማ መዝገብ ነው፤ ማንበብ ከቻላችሁ ያለፈውን ስድስት ወር ይነግራችኋል። ሁለቱም የፊት ጎማዎች በውጭ ጠርዛቸው ካለቁ ከልክ በላይ ተቀራርበዋል። ሁለቱም በውስጥ ጠርዛቸው ካለቁ ከፊት ተከፍተዋል። የሁለቱም ጎማ መሃል ብቻ ካለቀ አየሩ በዝቷል፤ ሁለቱ ጠርዝ አልቆ መሃሉ ከቀረ አየሩ አንሷል። የአንዱ ጎማ አንድ ጠርዝ ብቻ ካለቀና ሌላው ጎማ ደኅና ከሆነ ደግሞ በዚያ በኩል የተጣመመ ዘንግ ወይም ያለቀ ኪንግ ፒን ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ድንጋይ ወይም ቦይ የመታው ነው። እዚህም እዚያም ጎድጎድ ብሎ ያለቀ ጎማ ኩሽኔታው ወይም መገጣጠሚያው ልል መሆኑን ያሳያል።

የትራክተር ጎማ የተከራያችሁትም ከሆነ ውል ከመግባታችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ የፊት ጎማውን እዩ። ባለቤቱ የማይነግራችሁን ጎማው ይነግራችኋል።

መሪው ሲከብድ፣ ሲንቀጠቀጥ፣ ሲቀል

የከበደ መሪ ብዙውን ጊዜ የአየር ማነስ፣ ግሪስ ያልጠጣ ኪንግ ፒን ወይም የመሪ ዘይት ማነስ ነው። ጎማውን አንሥታችሁ በእጅ ስታዞሩት ያኔም ከከበደ ችግሩ ኪንግ ፒን ላይ ነው። ተነሥቶ ከቀለለ፣ መሬት ላይ ከከበደ ዘይቱንና አየሩን እዩ። ዘይቱ አረፋ ከያዘ በመሳቢያው በኩል አየር እየገባ ነው። የዘይት ማፍሰሻ ስትፈልጉ ሞተሩ እየሠራ እጃችሁን በቱቦው ላይ አታድርጉ፤ በግፊት የሚወጣ ቀጭን ዘይት ቆዳን በስቶ ይገባል። ካርቶን አስጠጉና ካርቶኑ ላይ እዩ። ከዚህ በላይ ያለውን፣ ማለትም ፓምፑንና የግፊት ቫልቩን፣ ለባለሙያ ተዉት።

ነዳጅ ለመቆጠብ ቁልቁለት ላይ ሞተር አጥፍቶ መውረድ የሚባል ነገር አለ። በዘይት ግፊት የሚሠራ መሪ ሞተሩ ሲጠፋ እንደ ድንጋይ ይከብዳል። ሾፌራችሁ ይህን እንደሚያደርግ ከሰማችሁ ዛሬውኑ አስቁሙት።

በመንገድ ፍጥነት ላይ የሚንቀጠቀጥ መሪ ከላይ ያየነው መላላት ምልክት ነው። ፍጥነት ሲቀንስ ይጠፋል፤ ስለዚህ ሾፌሩ ፍጥነት ይቀንስና ነገሩ ይረሳል።

ከሁሉ አደገኛው የቀለለ መሪ ነው። ከኋላ ከባድ ማረሻ ወይም ጭነት ተንጠልጥሎ ዳገት ሲወጣ የፊት ጎማዎቹ መሬት በደንብ አይነኩም፤ መሪውን ብታዞሩም ትራክተሩ አይታዘዝም። ይህ የመሪ ብልሽት አይደለም፣ የክብደት ጉድለት ነው። በተለመደው ደንብ ከትራክተሩ ባዶ ክብደት ቢያንስ 20 በመቶ የፊት አክስሉ ላይ መዋል አለበት። 3,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን ትራክተር 600 ኪሎ ግራም ከፊት ይፈልጋል ማለት ነው። ከፊት የሚንጠለጠሉት ብረቶች ለጌጥ አይደሉም። ሲገዛ አብረው ከመጡ በኋላ ከብደው ተፈትተው ግቢ ውስጥ የተጣሉ ካሉ መልሳችሁ ስቀሏቸው።

የማይበየድ ነገር

ገጠር ውስጥ ብየዳ የማይፈታው ችግር የለም ብለን እናስባለን። መሪ ላይ ግን ይህ አይሠራም። ታይሮድ፣ የጎማ ክንድ፣ ኪንግ ፒንና ጎማውን የሚሸከመው ዘንግ አይበየዱም፣ በእሳት ሞቀውም አይቃኑም። ብረቱ ከፋብሪካ ሲወጣ በሙቀት የጠነከረ ስለሆነ እሳት ሲነካው ጥንካሬው ይጠፋል፤ ከውጭ የተስተካከለ ይመስላል፣ ውስጡ ግን የሚሰበርበትን ቀን ይጠብቃል። ሲጣመም ቀይሩት።

ከምንከታተላቸው ቀበሌዎች በአንዱ የታይሮድ ጫፍ ዳዶ ፒኑ ወድቆ በአጥር ሽቦ ታስሮ ነበር። ከስንዴ ውቂያ ሲመለስ ሽቦው በላ፣ ዳዶው ተፈታ፣ አንዱ የፊት ጎማ ብቻውን ወደ ውጭ ዞረ። ትራክተሩ ቦይ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ያን ቀን ተጎታቹ ባዶ ነበር። በማግስቱ ግን ወደ ገበያ የሚሄዱ አሥራ አንድ ሰዎች ሊሳፈሩበት ተነጋግረው ነበር። ትራክተርና ተጎታቹ ሰው መጫኛ አለመሆናቸውን ከዚህ ጋር አብራችሁ ያዙት፤ መሪው ጤነኛ ቢሆንም።

የግሪስ ጉዳይ

የግሪስ ድግግሞሽ በመመሪያ መጽሐፋችሁ በሥራ ሰዓት ተጽፏል። ውኃና ጭቃ ውስጥ በሚሠራበት ሳምንት በየቀኑ መስጠት ያስፈልጋል። ለኪንግ ፒንና ለመሃል ፒን ግሪስ ስትሰጡ ትራክተሩን በክሪክ አንሥታችሁ ጎማውን ከሸክም አሳርፉ፤ ክብደት ተጭኖት እያለ ግሪሱ ጫና ወዳለበት ጎን አይደርስም። አሮጌው ጥቁር ግሪስ ወጥቶ አዲሱ እስኪታይ ግፉ። ግሪስ የማይቀበል ኒፕል ካለ ንቀሉና ቀዳዳውን አጽዱ፤ ኒፕሉን ቀይሩ።

ለሥልጠናው ተግባራዊ ክፍል

ከሰዓት በኋላ በአርሶ አደር ማሰልጠኛ ማዕከሉ ግቢ ከላይ ያለውን ልኬት በሁለት ትራክተሮች ላይ እንሠራለን። አንደኛው አቅጣጫው ሆን ተብሎ ይዛባል፤ በየቡድናችሁ ልኩን አውጥታችሁ ታይሮዱ በየት በኩል መዞር እንዳለበት ትናገራላችሁ። ሜትር፣ ጠመኔ፣ የጎማ አየር መለኪያና የትራክተራችሁን መመሪያ መጽሐፍ ይዛችሁ ኑ። ሾፌር የቀጠራችሁ ሾፌሩንም አምጡት። መጽሐፉ የጠፋባችሁ የትራክተራችሁን ሞዴል ቁጥር ከሞተሩ ጎን ካለው ሰሌዳ ላይ ጽፋችሁ ለቀበሌያችሁ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ስጡ።